የእናትሽን ለቅሶ ከፊልሙ ሊያወጡት ነው

ሮብ ገበያ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለየዓለምዘርፍ፣
ፍራንክፈርት

ባለሽበት ኪዳነ ምሕረት ከክፉ ነገር ትሰውርሽ። እንደምን ከርመሻል? ሥራው እንዴት ነው? ባለፈው ብርዱን ስታማርሪ አነበብኩና አፈርኩብሽ፤ ከጮቄ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ብርድ ፈራሁ ሲል መስማት ደስ አይልም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። እናትሽም ደህና ናት። ይህን እንደወትሮው በወረቀት ጽፌ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ሄለን በስልኳ አንስታ ትልክልሻለች። በስልክ ማውራት እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ግማሹ ጊዜ «ሃሎ፣ ሃሎ» በማለት ያልቃል።

ይህን የምጽፍልሽ ግን ተናድጄ ነው።

አምና በበጋ እዚህ ሜዳችን ላይ የተቀረጸው «ጉም ለባሾች» የተባለው ፊልም ወጣ። በጣሊያን ጊዜ እዚህ ተራራ ላይ ስለተዋጉ አርበኞች ነው፤ ታሪኩ ፈጠራ ቢሆንም ተራራው የእኛ፣ ፈረሱ የእኛ፣ ሰዉም የእኛ ነው። የሲናን ወረዳ ፈረሰኛ በሙሉ ተሰልፎበታል። እኔ አጎትሽ እንኳ ሁለት ጊዜ ሞቼበታለሁ፤ አንድ ጊዜ አርበኛ ሆኜ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰው ሲያንሳቸው ባንዳ አድርገውኝ። ደብረ ማርቆስ ሲታይ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ ነው ያየው።

የአዲስ አበባ ጋዜጦች ግን ግማሹን አነሱ፣ ግማሹን ጣሉ። አንደኛው የጦርነቱን ክፍል ሲያሞግስ ቆየና ወረድ ብሎ «የተንዛዛ» አለው። ሁለተኛው ፈረሶቹን አመስግኖ እኛን «ልምድ የሌላቸው ፈረሰኞች» ብሎ ጻፈ። ፈረስ ላይ ጥርሴን የነቀልኩትን እኔን ልምድ የለውም ይበለኝ። እሺ፣ ይህንንም ልቻለው።

ያልቻልኩት የለቅሶውን ነገር ነው። ጀግናው ፊታውራሪ ገብረ ኪዳን ሲሞት ሴቶቹ የሚያለቅሱበት ቦታ አለ። ከፊት ሆና የምታስለቅሰው እናትሽ ናት። አልነገርንሽም ነበር፤ አሁን እወቂው። አንድ የኤፍ ኤም ጋዜጠኛ «ያቺ አልቃሽ ከልክ አለፈች፤ በቃሽ የሚላት ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ» ብሎ ከጓደኛው ጋር ሲሳሳቅ በጆሮዬ ሰማሁት። ሬዲዮውን ልወረውረው ነበር፤ የሰው ሬዲዮ ስለሆነ ተውኩት።

አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ኢንተርኔቱም እጅሽ ላይ ነው። እዚያ ያሉትን የጎጃም ልጆች ሰብስቢና መልስ ጻፉላቸው። ስለ ፈረሰኞቹ ባትጽፉም ግድ የለም። ስለ ለቅሶው ግን ጻፉ።

አጎትሽ መንበሩ


ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ መንበሩ፣
ሮብ ገበያ

ጤናዎን ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎን ያበርታልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የአረጋውያን መጦሪያው ሥራ እንደድሮው ነው፤ ፈረቃው ይለዋወጣል እንጂ ሰዎቹ ይወዱኛል።

ደብዳቤዎን ለጓደኛዬ፣ ለአማኑኤል ከተማዋ ልጅ ለሃኒ አነበብኩላትና ሁለት ጊዜ መሞትዎን ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ግን ሁለታችንም ተናደድን። እዚህ ያሉትን የጎጃም ልጆች በቴሌግራም ሰብስበን ለጋዜጦቹም ለሬዲዮውም ጽፈናል። አንዱ ጋዜጣ «ስለ አስተያየታችሁ እናመሰግናለን» ብሎ መለሰ። ሌሎቹ ዝም አሉ። ሃኒ የጻፈችውማ ትንሽ ስድብ ስለነበረበት ባይመልሱላትም አልፈርድባቸውም።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ። ፊልሙ በርሊን በአንድ የፊልም ሳምንት ላይ ታይቶ ነበርና የዚህ አገር ጋዜጣ ጻፈበት። ርዝመቱን አልወደደውም። የለቅሶውን ቦታ ግን «በቅርብ ዓመታት ካየነው ትወና ሁሉ የላቀ» ብሎታል። እማን ማለት ነው። ቆርጬ ይዤዋለሁ።

ግን እንዴት ብላችሁ አሳመናችኋት? ወንድሜ ይሄይስ ከጠፋ ወዲህ የጎረቤት ለቅሶ ላይ እንኳ ድንኳን ጥግ ተቀምጣ አፏን ሳትከፍት የምትመለስ ሰው ናት። ከል ይዘውላት ሲመጡ «ልጄ መንገድ ላይ ነው፤ አታሟርቱብኝ» ብላ እንደመለሰቻቸው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ለፊልም እንዴት ከል ለበሰች? ሰው መሃል በመውጣቷ ደስ ብሎኛል፤ ግን ገረመኝ።

ስለ ወንድሜ ደግሞ። በመተማ ወጥቶ ሊቢያ ከገባ፣ ከባሕሩ ዳር ሆኖ «ልንሳፈር ነው» ብሎ ከደወለልኝ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ግን አልተውኩም። የጠፉ ሰዎችን የሚያፈላልገው ድርጅት ጉርድ ፎቶውን ይፈልጋል። ላኩልኝ ካልኳችሁ ከረመ። ባለፈው ደብዳቤዎ ስሙን እንኳ አላነሱትም። የተሰማ ነገር አለ? ከሌለም የለም ይበሉኝ።

አክባሪዎ የዓለምዘርፍ


ሮብ ገበያ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለየዓለምዘርፍ፣

ለመጪው የልደት በዓል እንኳን በሰላም አደረሰሽ። የዘገየሁት አጨዳና ውቂያ ላይ ስለነበርን ነው። ደግሞ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እየተናደድኩ አስቀምጠው ነበር።

የዚያ የነጭ ጋዜጣ ነገር አላስደሰተኝም። ትወና? እናትሽ በሕይወቷ ሙሉ አንዲት ቀን እንኳ አስመስላ አታውቅም። የማትወደው እንግዳ ሲመጣ እንኳ ፊቷ ያስታውቃል። አንደኛው ከልክ አለፈች ይላል፣ ሌላው አስመሳይነቷን ያሞግሳል፤ የሰደባት ይሻላል ወይስ ያመሰገናት፣ እኔ መለየት አቅቶኛል። ለእሷ አላነበብኩላትም። አንቺም ቆርጠሽ የያዝሽውን አትላኪላት።

አሁን ሌላ ጣጣ መጥቷል። የፕሮዲውሰሩ ሰው ደብረ ማርቆስ መጥቶ ጋዜጦቹ በርዝመቱ ስላማረሩ ፊልሙን ሊያሳጥሩት እንደሆነ ተናገረ። ምኑን ነው የምታሳጥሩት ብለን ብንጠይቀው ለቅሶውን ሊያወጡት ነው። ጦርነቱ ይቆያል። እኔ የምሞትባቸው ሁለቱም ቦታዎች ይቆያሉ። ከፈለጉ እኔን ሁለቴም ያውጡኝ ብዬ ለመንኩት። ሳቀ። እየለመንኩት ሲስቅ ምን ላድርገው?

ስለዚህ ለጋዜጦቹ መጻፉን ተዪውና ለፕሮዲውሰሩ ጻፉ። አድራሻውን ሄለን ትልክልሻለች። ብዙ ሆናችሁ ጻፉ። ስድብ አይኑርበት፤ ሃኒ የምትባለዋ የምትጽፈውን ከመላኩ በፊት አንብቡላት።

የፎቶውን ነገር እናየዋለን። ፎቶው ያለበት ሣጥን ቁልፉ ተበላሽቶ ነው።

አጎትሽ መንበሩ


ፍራንክፈርት፣ ጥር 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጋሼ መንበሩ፣

እንደምን አሉ?

ለፕሮዲውሰሩ ለመጻፍ ስንሰናዳ ሃኒ አንድ ጽሑፍ አሳየችኝ። አዲስ አበባ የሚታተም መጽሔት ነው፤ የፊልሙን ስህተቶች ለቅሞ ይዘረዝራል። አንዱ ፈረሰኛ የእጅ ሰዓት አድርጓል ይላል። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «የሞተው ፊታውራሪ ገብረ ኪዳን ሆኖ ሳለ አልቃሿ ደጋግማ ይሄይስ እያለች ትጠራለች። ይሄይስ የሚባል ሰው በፊልሙ ውስጥ የለም። ዳይሬክተሩ ተኝቶ ነበርን?»

ለምንድን ነው እናቴ ወንድሜን በለቅሶ የጠራችው? ምን ሰማችሁ? እኔ እዚህ ቢሮ ለቢሮ እየዞርኩ ሕያው ነው ስል እናንተ እዚያ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል? ማን ፈቀደላችሁ?

ለፕሮዲውሰሩ አልጻፍኩም። ሣጥኑንም አትስበሩት።

የዓለምዘርፍ


ሮብ ገበያ፣ የካቲት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለየዓለምዘርፍ፣

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናው።

አዎ፣ የጠራችው ወንድምሽን ነው። ዳይሬክተሩም አልተኛም፣ እሷም አልተሳሳተችም። ግን ምንም የሰማነው ነገር የለም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። ያየ የለም፣ የሰማ የለም፤ አንቺ ከምታውቂው በላይ አናውቅም።

ያልነገርንሽ ስለዚህ ነው። መርዶ ቢሆን በወረቀት አይነገርም፤ ዘመድ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ሄዶ ነው የሚያረዳው። አንቺ ዘንድ የሚሄድ ዘመድ የለንም። መርዶ ነው እንዳልልሽ የሰማነው የለም፤ አይደለም እንዳልልሽ እናትሽ አልቅሳለች። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ሽማግሌዎቹም ተዋት አሉኝ፣ እኔም ተውኩሽ። የሣጥኑ ቁልፍ ደህና ነው። ፎቶውን ባነሳው እናትሽ ታየኛለች ብዬ ነው የፈራሁት።

የቀረጻው ዕለት የሆነውን ልንገርሽ። የሰፈሩን ሴቶች በሙሉ ከል አልብሰው ሜዳው ላይ አቆሟቸው። ሙሾ እንድታወጣ ከከተማ የመጣች ተዋናይት ነበረች። ድምጿ መልካም ነው፤ ግን የእኛ ሴቶች ሞተ የተባለውን ሰውዬ ከድንኳኑ ጀርባ ዳቦ ሲበላ አይተውታል። እንዴት ያልቅሱ? እርስ በርስ እየተያዩ ይስቃሉ። ዳይሬክተሩ ደጋግሞ አስቆማቸው፣ ተቆጣ፣ ለመነ፣ አልሆነም። እናትሽ መሃላቸው ነበረች። የመጣችው ለፊልሙ ብላ አይደለም። የሟቹ ፈረስ እንዲሆን የመረጡት የእኛን ዳማ ነበርና እንዳይጎዱባት ልትጠብቀው ነው። ከሉን ደርበው ያለበሷት «ያለዚህ መግባት አይቻልም» ብለው ነው።

ዳማው የማን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ይሄይስ ከውርንጭላነቱ ያሳደገው፣ ስንት ገዢ መጥቶ እናትሽ አልሸጥም ያለችው ነው።

በእኛ ወግ የሞተ ሰው ፈረስ ተሸልሞ በለቅሶው መሃል ይሳባል። ዳይሬክተሩ ይህን ከሽማግሌ ጠይቆ አውቆ ነበርና ዳማው ባዶ ኮርቻውን ተሸክሞ ባጠገባችን አለፈ። ያን ጊዜ እናትሽ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። የለቅሶ ድምፅዋን ያኔ ነው የሰማሁት፤ ከአራት ዓመት በኋላ።

«ፈረስህ ባዶውን መጣልኝ ይሄይስ፣
ማንን ጠይቄ ወዴት ልመለስ»

አለች። ከዚያ ወዲያ ሳቅ አልነበረም። እነዚያ ሴቶች እኮ አራት ዓመት ሙሉ እሷ እስክትፈቅድላቸው ነው የጠበቁት። ልጁን አዝለው ያሳደጉት ናቸው። እኔም ከፈረስ ወርጄ ደረቴን መታሁ። ባንዳ ሆኜ ነበር የለበስኩት፤ ማንም አላስታወሰም። ሲያበቃ ዳይሬክተሩ እንባውን እየጠረገ አጨበጨበ። ከእኛ ወገን ያጨበጨበ የለም።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግን ስሚ፤ ብትቆጪም ተቆጪ። በማግስቱ ሰዉ እዝን ይዞ ወደ እናትሽ ቤት መጣ። ማንም አልጠራው። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝና ድንኳን ይተከል አይተከል ተብሎ ተሰበሰብን። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ገብረ ሚካኤል «ደንባችን ሬሳ ወይም ወሬ ሲመጣ ነው የሚለው፤ ፊልም የሚል የለበትም» ብለው ተቃወሙ። ካህኑም ሞቱ ያልታወቀን ሰው አንፈታም አሉ። ልክ ናቸው። ድንኳኑ ሳይተከል ቀረ፤ ሰዉ ግን ሜዳ ላይ ተቀመጠ። አቶ ገብረ ሚካኤልም አብረው ተቀመጡ።

ፊልሙ ሲወጣ ደግሞ የአባትሽ እህት ወለተ ሰንበት ሉማሜ ሆና ሰምታ ማርቆስ መጥታ አየችው። በማግስቱ ሻይ ቤቷን ዘግታ፣ ዘመዶቿን አውቶቡስ አሳፍራ፣ እያለቀሰች መጣች። «መርዶዬን ከፊልም ላይ ትነግሩኛላችሁ?» አለችን።

እናትሽ በየሳምንቱ ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ትሄድ ነበር። ያችን ቦታ ብቻ አይታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አልቅሳ፣ ጦርነቱ ሳይጀመር ትወጣለች። የአዳራሹ ዘበኛ ለምዷት በጎን በኩል ያስገባታል። መቃብር የለው፣ ተዝካር የለው፤ ሌላ የት ትሂድ?

ባለፈው ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ። ያጠረው ፊልም መጥቶ ኖሯል። ዳማው ሲሳብ ይታያል፤ ወዲያው ጦርነት ይሆናል። ከሮብ ገበያ የሄድነው ሁሉ ተነስተን ጮህን። የአዳራሹ ኃላፊ እኔ ምን ላድርግ፣ የተላከልኝን ነው የማሳየው አለ። እውነቱን ነው፤ በእሱ ላይ መጮኻችንም አናደደኝ። አሁን ጋዜጦቹ ምን ይላሉ መሰለሽ? «ፊልሙ ካጠረ ወዲህ ተዋበ።»

እናትሽ አልጮኸችም። አውቶቡስ ስንጠብቅ ወደ እኔ ዞራ «አሁንስ የት ሄጄ ላልቅሰው?» አለችኝ። ይኸው ለአንቺ ጻፍኩ።

አጎትሽ መንበሩ


ፍራንክፈርት፣ መጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ መንበሩ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ፤ እናቴንም እርስዎንም ያቆይልኝ።

መልስ ስጽፍ፣ ስቀድ ሰነበትኩ። የመጀመሪያውን ቢያነቡት ኖሮ አያናግሩኝም ነበር። ተናድጄባችኋለሁ፤ ዛሬም አልወጣልኝም። እሷ ባለቀሰችው አይደለም የተናደድኩት። አገር ሁሉ፣ ሉማሜ ያለችው አክስቴ ሳትቀር የተቀመጠችበት ለቅሶ ላይ እኔ ብቻ አለመኖሬ ነው። እህቱ ነኝ።

ባለፈው እሑድ ፊልሙ እዚህ ታየ። የኢትዮጵያውያን ማኅበር አዳራሽ ተከራይቶ ነው። ለፕሮዲውሰሩ በመጨረሻ ሁላችንም ጽፈንለት ነበር፤ «የፊልሙን ፍጥነት ለማስተካከል የተወሰደ ውሳኔ ነው» የሚል መልስ ደርሶናል። ስለዚህ ለቅሶው እንደሌለ አውቄ ነው የገባሁት። ዳማው ወጣ። ሸምግሏል። አንገቱን ያችን እንደሚያደርጋት አድርጎ ሲነቀንቅ ከይሄይስ ጋር ውኃ የወረደ መሰለኝ። ቀጥሎ እማ መምጣት ነበረባት። ተኩስ ሆነ።

ጋሼ፣ ለቅሶውን ፈለግኩት። አምስት ዓመት ሙሉ ማንም እንዳያለቅስ ስከለክል ኖሬ፣ ሲቆረጥብኝ እንደ ተራበ ሰው ፈለግኩት። ሳላስበው ብድግ ብዬ ቆምኩ። ሃኒ ነገሩን ታውቅ ነበርና አብራኝ ቆመች፤ ከዚያ የጎጃም ልጆች በሙሉ። ከኋላ ያለው ሰው ተቀመጡ፣ አላየንም እያለ ተቆጣ። ፊልሙን አስቆሙት። እኔ ሙሾ አላውቅም፤ ስሙን ብቻ ነው የጠራሁት፤ ደጋግሜ። አንድ የዚህ አገር ኢትዮጵያውያን ድረ ገጽ በማግስቱ «የፊልሙ አድናቂዎች ዝግጅቱን ረበሹ» ብሎ ጽፎልናል። ሃኒ መልስ ልጻፍ አለች፤ ተዪው አልኳት። እነሱ ስለ ፊልም ነው የሚጽፉት።

ፍለጋውን አላቆምኩም። ወረቀት እስካልመጣልኝ ድረስ አላቆምም፤ ይህን እማም ትወቅልኝ። ግን ለዳግማይ ትንሣኤ እመጣለሁ፤ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ለአቶ ገብረ ሚካኤል ደንቡን ትንሽ ያላሉልን ብለው ይንገሩልኝ። ድንኳን ይተከል፤ አክስቴም ትምጣ። ካሜራ በሌለበት፣ ማንም አጠረ ረዘመ በማይልበት ግቢያችን ውስጥ ይሄይስን እናልቅሰው። ከዚያ ተመልሼ እፈልገዋለሁ።

እማ ምን ትላለች? ይጠይቁልኝ።

አክባሪዎ የዓለምዘርፍ


ሮብ ገበያ፣ መጋቢት 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለየዓለምዘርፍ፣

መንገድሽን መድኃኔ ዓለም ያቅናልሽ።

አቶ ገብረ ሚካኤል ድንኳኑን ፈቅደዋል፤ ከእድሩ ሳይሆን ከቤታቸው ነው የሰጡን፣ ደንብ ላለማፍረስ። ለወለተ ሰንበትም ልከንባታል።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ስለ ድንኳኑ እሺ አለች፤ ስለ ፍለጋውም እሺ፣ ትፈልገው አለች። ከዚያ ይህን ጻፍልኝ አለችኝ፤ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የጻፍኩልሽ።

«ስትመጪ ቀኑንም ሰዓቱንም አስቀድመሽ አሳውቂኝ። ድንገት አትግቢብኝ። ደጁ በተከፈተ ቁጥር እኔ አሁንም እሱ ነው የምለው።»

ቀኑን ጽፈሽ ላኪልን።

አጎትሽ መንበሩ